የሚላክላችሁ ላፕቶፕ ውስጡ የስልክ ፕሮሰሰር ቢሆንስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። እንደዚህ ወር አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደራርቦብኝ አያውቅም። በስልክ የምናውቀው ፕሮሰሰር፣ የመሣሪያው አንጎል ማለት ነው፣ እና በስልክ የምናውቀው ሲስተም ወደ ላፕቶፕ እየገባ ነው። ዘመድ ከውጭ የሚልከው፣ መርካቶ ያገለገለ ተብሎ የሚሸጠው፣ ሁሉም ተቀላቅሏል። ሰው ገዝቶ ቤቱ ካስገባ በኋላ ነው «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ወደ እኔ የሚመጣው። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ «አይሆንም» ብሎ መናገር ያማል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከመሃል ሜዳ

«እንደምን ሰንብተሻል እህቴ? የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ሊልክልኝ ነው። የሚያመጣልኝ ሰውም አግኝቷል። ‹ጋሼ፣ ስናፕድራገን ነው፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆይልሃል› አለኝ። እኔ ስናፕድራገን የማውቀው በስልክ ነው። እዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራዬ ስለሚቆም ባትሪው አጓጉቶኛል። ግን የ11 ዓመት የፈተና ወረቀቶቼ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። የምጽፈው በፓወር ግእዝ ነው። ፕሪንተሬም አሮጌ ነው። ልቀበል ወይስ ሌላ ይላክልኝ ልበል?»

መምህር፣ ላፕቶፑ ሳይላክ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ስጦታ እጅ ከገባ በኋላ «አልሆነኝም» ማለት ለሰጪውም ለተቀባዩም ከባድ ነው።

ልክ ነዎት፣ ስናፕድራገን የስልክ ነው። ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው ፕሮሰሰር ነው። በ2017 መጨረሻ ኳልኮምና ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 በዚሁ ፕሮሰሰር የሚሠራባቸውን ላፕቶፖች አስተዋወቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀርፋፋ ነበሩ። በ2024 ስናፕድራገን ኤክስ የሚባሉት ሲወጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። የእህትዎ ልጅ የሚልከው ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ፍጥነቱ አያሳስብዎ። ማሰብ ያለብን ስለ ቋንቋው ነው።

ፕሮሰሰር ትእዛዝ የሚቀበልበት የራሱ ቋንቋ አለው። እስከ ዛሬ የለመድናቸው ኮምፒውተሮች፣ ኢንቴልም ይሁኑ ኤኤምዲ፣ ቋንቋቸው ኤክስ 86 ይባላል። የስልኮቹ ቋንቋ ደግሞ አርም ነው። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው አይገባውም። የሰንበቴን ገበያ ያውቁት ይሆናል። እሑድ እሑድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኛል። ሻጭና ገዢ ሳይግባቡ ሲቀሩ መሐል ገብቶ የሚያስተረጉም አይጠፋም። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ በሬው ይሸጣል። በእነዚህ ላፕቶፖች ውስጥም ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አስቀምጧል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሲጀመር የሚተረጉመው የ32 ቢት የሚባሉትን የቆዩ ፕሮግራሞች ብቻ ነበር። ዊንዶውስ 11 ላይ አዳዲሶቹ የ64 ቢቶቹም ተጨመሩ። ስለዚህ ብዙው የድሮ ፕሮግራም ይከፈታል። ዎርድና ኤክሴል ደግሞ በአርም ቋንቋ ተሠርተው ስለሚመጡ አስተርጓሚም አያሻቸው።

አስተርጓሚው ግን የሚገባው ሳሎን ድረስ ነው። ጓዳ አይገባም። ጓዳ የምለው ድራይቨሮች፣ ዕቃን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባቡት ፕሮግራሞች፣ የሚቀመጡበትን የሲስተሙን ውስጥ ነው። የፕሪንተር፣ የስካነር፣ የማንኛውም በገመድ የሚሰካ ዕቃ ድራይቨር በአርም ቋንቋ የተሠራ ካልሆነ አይጫንም። መለማመጥ የለም፣ ማታለል የለም።

ይህን የተማርኩት በሰው ዕቃ ነው። አንዲት የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ደንበኛዬ ልጇ የላከላትን እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ሌዘር ፕሪንተሯ አልሠራ ብሏታል። ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩ። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣውን ሲዲ ሞከርኩ፣ ከኢንተርኔት አወረድኩ፣ ገመድ ቀየርኩ። ያው ፕሪንተር ጠረጴዛዬ ላይ ካለው አሮጌ ዴስክቶፕ ጋር ሳገናኘው ወዲያው አተመ። በመጨረሻ የላፕቶፑን መረጃ ከፍቼ ሳየው ነው «አርም» የሚለውን ያነበብኩት። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ እሱን ነው። ሁለት ቀን ሥራ ያስፈታኋት ደንበኛዬ ዛሬም ትዝ ትለኛለች። አሁን ማንም አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ሴቲንግ ከፍቼ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ገብቼ፣ ሲስተም ታይፕ የሚለውን መስመር ሳላነብ ሌላ ነገር አልነካም። እርስዎም የእህትዎን ልጅ ይህችን መስመር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክልዎ ይንገሩት።

ወደ አማርኛው ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በአርም ላፕቶፖች ላይ ሊያስቸግሩ ይችላሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው አንዱ የፊደል ማስገቢያ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም፣ የእርስዎ ፓወር ግእዝም ቢሆን፣ እንደ ዎርድ ለብቻው ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ ሁሉ ገብቶ ቁልፍ በነኩ ቁጥር «ይህ ሀ ነው፣ ይህ ለ ነው» ማለት አለበት። ኤክስ 86 ብቻ የሚናገር ከሆነ አርም የሚናገረው ዎርድ ውስጥ መግባት ያቅተዋል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ምኑም አይደለም። ለእኛ ግን የፊደል ማስገቢያው ከሌለ ላፕቶፑ የለም ማለት ነው።

መውጫ ግን አለው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ገብተው አማርኛን ይጨምራሉ፣ ምንም የሚገዛ ነገር የለም። የፊደሉ አቀማመጥ ከለመዱት ስለሚለይ አንድ ሁለት ሳምንት ጣትዎ ይሳሳታል። የድሮ የፈተና ወረቀቶችዎም አይጠፉም። ፎንት ፕሮግራም አይደለም፣ ቋንቋ አይመርጥም። በቪዥዋል ግእዝ ዘመን የተጻፈ ፋይል ቢኖርዎ እንኳ የዚያን ጊዜውን ፎንት አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ከጫኑት አማርኛው ይነበባል። ፎንቱን ካልጫኑት ደግሞ ፊደሉ ሁሉ የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ይታይዎታል። እሱ የፋይል መበላሸት አይደለም፣ አይደንግጡ። በድንጋጤ ደግመው ሴቭ እንዳያደርጉት ብቻ።

የእኔ መልስ፦ ይቀበሉ። መሃል ሜዳ ላይ መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርቶ ፈተና ማረም ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ነው እንዲህ የምለው። ይህ ፕሮሰሰር የተወለደውም ያደገውም ትንሽ ኤሌክትሪክ እየበላ ነው። ግን ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር አይሽጡት፣ ለፕሪንተሩ ያስቀምጡት። አዲሱ ላይ ጽፈው፣ ፒዲኤፍ አድርገው፣ በፍላሽ ወስደው ያትሙ። ያቺ ደንበኛዬም እስከ ዛሬ የምትሠራው እንዲሁ ነው። ሁለተኛ፣ ራሙ፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማለት ነው፣ 16 ጊጋ ይሁን በሉት። ለምን እንደሆነ ለሸዋ ሮቢቷ እህቴ ስመልስ ያገኙታል።

ከአንኮበር

«እትዬ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አይሲቲ እወዳለሁ። ላፕቶፕ ከስልክ ይበልጣል አይደል? ታዲያ የትንሹ ዕቃ ለምንድን ነው ወደ ትልቁ የሚገባው? መጀመሪያስ ማን አሰበው?»

የኔ እመቤት፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንዳንቺ ነው የሚያስቡት፣ የስልክ ፕሮሰሰር አድጎ ወደ ኮምፒውተር ገባ ብለው። የአርም ታሪክ ግን የተጀመረው ከዴስክቶፕ ነው።

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ ኤኮርን የሚባል ኩባንያ ነበር። ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ይሠራ ነበር፣ ቢቢሲ ማይክሮ የሚባለውን። ቀጣዩን ኮምፒውተር ለመሥራት ሲነሡ ገበያ ላይ ያሉት ፕሮሰሰሮች አላረኳቸውም። የራሳችንን እንሥራ አሉ። ትእዛዞቹን የነደፈችው ሶፊ ዊልሰን ናት። የውስጡን አሠራር የነደፈው ስቲቭ ፈርበር ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ፕሮሰሰሩ ጥቂትና ቀላል ትእዛዞች ብቻ ይወቅ፣ እነሱን ግን ቶሎ ቶሎ ይሥራ። አርም በሚለው ስም ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ ፊደል ያኔ ኤኮርንን ነበር የምትወክለው።

ኤሌክትሪክ እንዳይበላ የፈለጉት ለባትሪ ብለው አልነበረም። ለርካሽነት ነው። ብዙ የሚሞቅ ቺፕ በሴራሚክ መታሸግ አለበት፣ ሴራሚክ ደግሞ ውድ ነው። ከ1 ዋት በታች ከሆነ በፕላስቲክ ይታሸጋል። በልክ መሥራት ስላልቻሉ በጣም ዝቅ አድርገው ሠሩት። በሚያዝያ 1985 የመጀመሪያው ቺፕ ደረሰ፣ ሰኩት፣ ሠራ። ፈርበር የሚበላውን ኤሌክትሪክ ሊለካ መለኪያውን አስገባ። መለኪያው ዜሮ አለ። ቦርዱን ሲመረምሩት የቺፑ የኤሌክትሪክ መስመር ጭራሽ አልተገናኘም። ከሌሎቹ ሽቦዎች በሚሾልክ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነበር ሲሠራ የቆየው! እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን መልቲሜትሬን ይዤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በዚህ ሥራ ዓመታት የለካ ሰው ነው ምን ያህል እንደሚያስደንቅ የሚያውቀው።

በ1987 አርኪሚዲስ የሚባል ዴስክቶፕ በዚህ ፕሮሰሰር ወጣ። አየሽ፣ ስልክ ገና በየሰው ኪስ ሳይገባ ነው። በ1990 ኤኮርን፣ አፕልና ቪኤልኤስአይ የሚባል ቺፕ ሠሪ ሆነው አርምን ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረጉት። ይህ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት ራሱ ቺፕ አልሸጠም። ንድፉን ይሸጣል፣ ሌሎች ይሠሩታል። ስልክ ሲመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበላ ፕሮሰሰር ያስፈልግ ስለነበር ሁሉም ወደ አርም ሄደ። ኖኪያ 6110 በአርም ነው የሠራው፤ አባትሽን ጠይቂው፣ አይቶት ይሆናል። ከዚያ በ2007 አይፎን፣ በ2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ሁለቱም በአርም።

ወደ ኮምፒውተር የተመለሰበት መንገድ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ አርቲ የሚባል ለአርም የተሠራ ዊንዶውስ አወጣ። መልኩ ዊንዶውስ ነው። የሰው የድሮ ፕሮግራም ግን አንዱም አይከፈትበትም፣ አስተርጓሚ አልነበረውም። ሰው አልገዛውም። በ2013 ማይክሮሶፍት ባልተሸጡት ታብሌቶች ምክንያት 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። አፕል በኅዳር 2020 ኤም 1 የሚባለውን ፕሮሰሰር የያዙ ማኮች ሲያወጣ ግን ሮዜታ 2 የተባለ አስተርጓሚ አብሮ ሰጠ። ይሄኛው አንድን ፕሮግራም አስቀድሞ ተርጉሞ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ በየጊዜው እንደ አዲስ አይጀምርም። አንድ ኩባንያ ቺፑንም ሲስተሙንም ራሱ ስለሚሠራ ቀናው። ሌሎቹ በደንብ የነቁት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ትልቁና ትንሹ በልክ አይደለም። ለአይሲቲ መምህርሽ የመለኪያውን ታሪክ ንገሪው፣ ክፍሉ ይወደዋል።

ከሸዋ ሮቢት

«ኮፒ ቤት አለኝ፤ ጽሕፈት፣ ፎቶ፣ ፕሪንት ነው ሥራዬ። የእኛን ሙቀት ታውቂዋለሽ። አቧራውም አለ። የላፕቶፔ ማራገቢያ በሁለት ዓመት ሦስቴ ተቀየረ። አሁን ማራገቢያ የሌለው ማክቡክ አለ ብለው ያገለገለ አመጡልኝ። ልግዛው? ልጄ ደግሞ ‹ስልክን ከስክሪን ጋር አገናኝቶ እንደ ኮምፒውተር መሥራት ይቻላል› ይለኛል። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ስለ ማራገቢያው ያሉሽ እውነት ነው። ማክቡክ ኤር ከኤም 1 ጀምሮ ማራገቢያ የለውም። ማራገቢያ ከሌለ አቧራ የሚስብ የለም። ሲሞቅ ራሱን ቀስ ያደርጋል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። ግን በአርም የሚሠራ ሁሉ ማራገቢያ የለውም ብለሽ እንዳትወስጂ። ማክቡክ ፕሮ አለው፣ ስናፕድራገን ላፕቶፖችም ብዙዎቹ አላቸው።

ስለ ሙቀት ካነሣሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅበትም ይላል። እኔ ጋ በሙቀት ተቃጥሎ የሚመጣው ላፕቶፕ ግን ክረምትና ጥቅምት ላይ ነው የሚበዛው። ሰው ብርዱን ሽሽት አልጋ ውስጥ ይገባል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጠዋል። የብርድ ልብስ አገር አይደለን! የአየር መግቢያው ይደፈናል፣ ሱፉ ማራገቢያው ላይ ይጠመጠማል። ከአንድ የተማሪ ላፕቶፕ ያወጣሁት ሱፍ አንድ ጭብጥ ይሞላ ነበር። ማራገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ለኮፒ ቤትሽ ዋና ዕቃ አድርገሽ ማክቡኩን እንድትገዢ አልመክርሽም። ደንበኛሽ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ፍላሹ ውስጥ ያለው በዊንዶውስ የተሠራ ነው። አንዱ በፓወር ግእዝ ፎንት ጽፎ ያመጣል፣ አንዱ የአካውንቲንግ ፋይል፣ አንዱ ምን እንደሆነ እሱም የማያውቀውን። አንቺ ሁሉንም መክፈት አለብሽ። ለፎቶው ማኩ ጎበዝ ነው፣ ፎቶሾፕ በአርም ቋንቋ ተሠርቶለታል። ግን ኤም 1 ላይ ዊንዶውስን እንደ ድሮዎቹ የኢንቴል ማኮች ጎን ለጎን መጫን አይቻልም።

ሌላው የጥገናው ነገር ነው፣ ለመምህሩም የቀጠርኩት መልስ ይሄው ነው። በስልክ አሠራር የተሠሩ ላፕቶፖች የስልክን ጠባይም ይዘው ነው የመጡት። ኤም 1 ላይ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ታሽጓል። ፋይል የሚቀመጥበትም ቦርዱ ላይ ተበይዷል። በድሮው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም አነሰኝ ስትዪኝ አንድ ብሎን ፈትቼ 4 እጨምርልሽ ነበር። እዚህ ላይ አልችልም። እንደ ድሮው በቀላሉ የሚችል የለም። የገዛሽው ቀን ያለው እስከ መጨረሻው ያለው ነው። ቦርዱ ከሞተ ደግሞ ፋይሉ አብሮ ይሄዳል። የመጠገን ሙያዬን የምወድ ሰው ነኝና ይህ ያሳዝነኛል፣ አልደብቅሽም። ልጅ ያደገበት ፎቶ ሁሉ አንዲት ቦርድ ላይ ተበይዶ፣ ዓይኔ እያየ ላወጣው ሳልችል ስቀር እንቅልፍ ይነሣኛል። ማክ የምትገዢ ከሆነ በየሳምንቱ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጊ።

ለኮፒ ቤትሽ እንግዲህ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ዴስክቶፕ ይሻልሻል። ከመሬት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው፣ በወር አንዴ አቧራውን በብሎወር አስነፊው። ሦስት ማራገቢያ የቀየርሽው ላፕቶፕ ለሙሉ ቀን ሥራ ስላልተሠራ ነው።

የልጅሽም ነገር እውነት ነው። ሳምሰንግ በ2017 ከጋላክሲ ኤስ 8 ጋር ዴክስ የሚባል አመጣ። ስልኩን በገመድ ከስክሪን ጋር ስታገናኚው እንደ ኮምፒውተር መስኮት በመስኮት ይከፍታል። ሞቶሮላም በ2011 አትሪክስ የሚባል ስልክ ባዶ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካበትን መንገድ ሞክሮ ነበር። ግን በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል ምስል ማውጣት የሚችሉት ውድ ስልኮች ናቸው። ርካሾቹ አብዛኞቹ አይችሉም። ልጅሽ ኬብሉን ከመግዛቱ በፊት የስልኩን ሞዴል ያጣራ።

ይህን እያወራን አንድ ማስጠንቀቂያ። ያገለገሉ ክሮምቡኮች በርካሽ እየመጡ ነው። ክሮምቡክ የጉግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ ነው፣ ብዙዎቹ የአንድሮይድ አፕ ይጭናሉ። መጥፎ ዕቃ አይደለም። አንድ የሸኖ ልጅ አራት ገዝቶ ሊሸጥ አመጣ። ከፍተን የድሮውን መረጃ ስናጠፋለት የውጭ አገር ትምህርት ቤት አካውንት ጠየቀን። ትምህርት ቤቱ ከመዝገቡ ካልሰረዘው በስተቀር አይከፈትም፣ ፎርማት ብታደርጊውም ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። አራቱም እንዲሁ። ልጁ ያለችውን ገንዘብ ነበር ያወጣው። ክሮምቡክ ስትገዙ ሻጩ ፊት የድሮውን መረጃ አጥፉበት፣ በራሳችሁ ጂሜይል ግቡበት፣ ከዚያ ክፈሉ። ሴቲንግ ውስጥም ማሻሻያ የሚያገኝበት የመጨረሻ ዓመት ተጽፏል። ከ2021 ወዲህ የወጡት 10 ዓመት ያገኛሉ፣ የድሮዎቹ ግን ጊዜያቸው ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ

«ሲቪል ምህንድስና 3ኛ ዓመት ነኝ። ኢታብስና ሳፕ 2000 በሚባሉ የሕንጻ ንድፍ ፕሮግራሞች እንሠራለን። በአርም የሚሠራ ላፕቶፕ ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ሁለቱም ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፤ አንተም ገና ሁለት ዓመት ፕሮጀክት አለብህ። ያገለገለ ኢንቴል 16 ጊጋ ራም ያለው ፈልግ። ባትሪው ቢደክም እኔ እቀይርልሃለሁ።

ከደብረ ሲና

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ። የ10 ዓመት ላፕቶፕ አለኝ፣ ኢንቴል ነው፣ 4 ጊጋ ራም። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት፣ ከእንግዲህ አይታደስም አሉኝ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። አንድ ልጅ ‹አንድሮይድ ልጫንበትና እንደ ስልክ ይፈጥናል› አለኝ። የልጅ ልጆቼ ለትምህርት ይጠቀሙበታል። ውስጡ የክርስትናቸው ፎቶ አለ።»

አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የነገሩዎት እውነት ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ማሻሻያ በጥቅምት 2025 ቆሟል። ላፕቶፑ ግን አልሞተም፣ አይጣሉት።

አንድሮይድን ኢንቴል ላይ የሚጭኑ ነበሩ። ሪሚክስ ኦኤስ የሚባለው በ2016 ለኮምፒውተር ሲመጣ እኔም ሁለት ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ነበር። ያምር ነበር። በ2017 ሠሪዎቹ ተዉት፣ እኔም ደንበኞቼን ጠርቼ መልሼ አነሣሁት። አንድሮይድ ለጣት የተሠራ ነው፣ በማውስ ሲነዱት ያስቸግራል። ብዙ አፖችም ለአርም የተሠሩ ስለሆኑ ኢንቴል ላይ እምቢ ይላሉ። የመምህሩ ችግር ተገልብጦ እርስዎ ጋ መጣ ማለት ነው። ጉግል አንድሮይድንና ክሮም ኦኤስን አንድ አድርጎ ለላፕቶፕ ሊያወጣ እንደሆነ በ2025 ተናግሯል። ለእርስዎ አሮጌ ላፕቶፕ ግን እሱን አይጠብቁ።

ሁለት ነገር አለልዎት። ቤትዎ ኢንተርኔት ካለ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ ይሁን። ጉግል በ2022 ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ያወጣው ነጻ ሲስተም ነው፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። አማርኛም ይጻፍበታል። የአንድሮይድ አፕ ግን አይጭንም። ቴሌግራምን በብሮውዘር ይከፍታሉ፣ ቴሌብርን ስልክዎ ላይ ይተዉት። ኢንተርኔቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ ሚንት ይጫንልዎ። እሱም ነጻ ነው፣ መጻፊያው አብሮት ስለሚመጣ ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት የቤት ሥራቸውን ይጽፉበታል። እኔ ለእርስዎ የማደላው ለሚንት ነው። ዳታ በየቀኑ ለልጆች መግዛት በጡረታ አይቻልም።

ሁለቱንም ከፍላሽ ላይ ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል። 8 ጊጋ ፍላሽ በቂ ነው። ያ ልጅ አዘጋጅቶ ይስጥዎት፣ ሦስት አራት ቀን ልጆቹ ይሞክሩት፣ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ይዩ። ሲጫን ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የክርስትናውን ፎቶ ሌላ ፍላሽ ላይ ያስገልብጡ። ፍላሹን ስልክዎ ላይ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው፣ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መከፈታቸውን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ብቻ «ጫነው» ይበሉት።